ከገደሉ ማዶ የታየ ዳስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ስክሪኑ በፀሐይ አይታይም። ይህ የመጀመሪያው ጉድለት ነው፤ ይጻፍ። ዛሬ ደባርቅ ላይ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መስሎ ጠርቶ ሳለ፣ እኔ ስክሪኑን በቆቤ ከልዬ፣ አንገቴን አጣምሜ ነው የምፈልገውን ያገኘሁት። ካሜራው ትንሽ ነው፤ ጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል። ሲከፍቱት ግን ሌንሱ ወጥቶ ወጥቶ አያልቅም። ሠላሳ እጥፍ ያቀርባል ይላል ካርቶኑ። ካርቶን ምን የማይለው አለ።

የላከችው ሣራ ናት፤ አዲስ አበባ ያለ የአስጎብኚ ድርጅት ኃላፊ። በደጉ ጊዜ እንግዶቿን ይዤ ተራራ የምወጣው እኔ ነበርኩ። አሁን እንግዳ የለም፤ እኔም የለሁም ማለት ይቻላል። የድርጅቷ ሾፌር ካሜራውን ከነካርቶኑ ሰጥቶኝ መልእክቷን በስልኩ አሰማኝ። «ሙሉቀን፣ ሳምንት ያህል ያዘውና እውነቱን ንገረኝ። ዋልያን ከገደል ማዶ አጥርቶ ያሳያል ወይ? ጥሩ ከሆነ እንግዳ ሲመለስ የምናከራያቸው ጥቂት እገዛለሁ።» እንግዳ ሲመለስ። አዲስ አበባ ተቀምጦ እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

ባለቤቴ ትርንጎ ዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። በየቀኑ በሚኒባስ ትመላለሳለች፤ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ስለዚህ የመቀለድ መብት አላት። ካሜራውን አገላብጣ አይታ፣ «ጥሩ ነው፤ ሥራ ፈትተህ ቅርብ ቅርቡን ከምታይ ሥራ ፈትተህ ሩቅ ሩቁን እይ» አለች። ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ከነከነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰው የማይገባበት ሆቴል ሰገነት ላይ ወጥቼ ሞከርኩት። የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት መስቀል አቀረብኩ፤ ዝገቱ ሳይቀር ታየኝ። አጎቴ ጋሼ ደመቀ እህል ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን በክብሪት እንጨት ሲኮረኩር አየሁት። ከዚያ አንዲት ሴት ልብስ ስታሰጣ አየሁና ቶሎ ዘጋሁት። ሰውን ሳያውቅ ማየት ደስ አይልም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሲመሽ አይረባም። ፀሐይ ተራራውን ካለፈች በኋላ ያነሳሁት ሁሉ ብዥ ብሏል። ሌንሱ የሚይዘውን አጥቶ ወዲያ ወዲህ ሲል ይቆይና በመጨረሻ ከፊት ያለውን የሽቦ አጥር ይመርጣል። ባትሪውም ጥቅም የለው፤ ትንሽ ሠርቶ ይደክመዋል። ትርፍ ባትሪ አብሮ ካልተገዛ እንዳትነኪው ብዬ ለሣራ እነግራታለሁ።

ሌላው ውሸት። ሠላሳው እጥፍ ካበቃ በኋላ መጎተቱን ይቀጥላል፤ ስልሳ ነኝ፣ መቶ ሃያ ነኝ ይላል። ያ ማቅረብ አይደለም፤ ያለውን ማወፈር ነው። ምስሉ በደንብ እንዳልተማሰለ ሽሮ ይጓጉላል።

ጥሩውን ደግሞ አልደብቅም። የእጅ መንቀጥቀጥ ይይዛል። ትንፋሼን ውጬ ድንጋይ ላይ ሳስደግፈው ምስሉ ጸጥ ይላል።

መናኸሪያው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንድ የማላውቀው ሰው ቀርቦ፣ «ወንድም፣ ማንን ነው የምትቀርጽ?» አለኝ። በክፉ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ወዲያው ኪሴ ከተትኩት። ዘንድሮ ረጅም ሌንስ ይዞ መንገድ ዳር መቆም አስተዋይነት አይደለም። ለምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው አውቶቡስ የቆመበት ቦታ ሣር አብቅሏል። መንገዱ ከተዘጋ፣ የዚያ አገር ስልክም ከጠፋ ሰነበተ። ወዲያ ማዶ ጃናሞራ ወረዳ፣ ጥድ አምባ በምትባል መንደር አባቴ አቶ አያሌው አሉ። አሉ ነው የምለው። ከእግረኛ ከሚሰማ ወሬ በቀር ምን አውቃለሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ትርንጎ ዛሬ አባቴን አነሳችብኝ። ሾፌሩ ነገ ለፓርኩ ጥበቃዎች ስንቅ ይዞ ተራራው ላይ ወዳለው ጨነቅ ሰፈር ይወጣል፤ እኔም ካሜራውን ዋልያ ላይ ልሞክር አብሬው እሄዳለሁ አልኳት። «ጨነቅ ከደረስክ ጥድ አምባ የአንድ ቀን መንገድ ነው አይደል?» አለች። መንገድ ተዘግቷል አልኳት። «የመኪናው ነው የተዘጋው» አለች። 

ማንም ስለማያነበው እዚህ ልጻፈው። እኔ ለአባቴ አንድ ነኝ። እናቴ ስትሞት ገና ሕፃን ነበርኩ፤ አባቴ ሌላ አላገቡም። አስጎብኚ ሆኜ መጀመሪያ ባገኘሁት ገንዘብ የቤታቸውን ጣሪያ ቆርቆሮ አለበስኩት። አገር መረቀኝ። በኋላ በሬዎቻቸው የፓርኩን ወሰን አልፈው ገብተው ተያዙ። ደንብ ነው፤ ቅጣት ከፍለው ወሰዷቸው። በሬዎቹን ያሰረው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ግን ባየ ነበር። ባየ ደግሞ በማግስቱ ጠመንጃውን ይዞ ከእኔና ከእንግዶቼ ጋር ወጣ፤ ከአንድ ሳህን በላን። ምን ላድርግ፣ የተመደበልኝ እሱ ነው! ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጥድ አምባ ደረሰ። አባቴ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «በሬዬን ካሰረ ሰው ጋር እንጀራ የቆረሰ ልጅ የለኝም» አሉኝ።

የለኝም ካሉ የለሁም አልኩ። ሽማግሌ ልከው እንዲጠሩኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ እንድልክ ጠበቁ ይሆናል። መንገዱ ሲዘጋ እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ፤ ምክንያት ተገኘ።


አርብ፣ ጥቅምት 15። ጨነቅ

ብርዱ አጥንት ይበላል። ድንኳን የሞላበት ሜዳ ዛሬ ባዶ ነው። የበቅሎ ነጂዎቹ ማረፊያ በር በሽቦ ታስሯል።

ስለ ካሜራው ግን ዛሬ የምሥራች አለ። ሦስት ዋልያ ከገደሉ ማዶ ቆመው ነበር፤ በዓይን የድንጋይ እድፍ ይመስላሉ። ጎተትኩት። የአንዱ ቀንድ ላይ ያለው ጉብ ጉብ አንድ በአንድ ታየ! ግልገሏ እናቷን ተጠግታ ጆሮዋን ስታራግፍ ሁሉ ይዣለሁ። አንድ ወንድ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ሲያስፈራራኝ አነሳሁት፤ የአንዱን የማውቀውን ባለሥልጣን ፊት ይመስላል፤ ስሙን አልጽፍም። ለሣራ ይሄን ብቻ ባሳያት መቶ ትገዛለች።

ባየ አርጅቷል። ያው ካኪ ካፖርት፣ ያው ጠመንጃ። ስክሪኑን አይቶ፣ «እኔ በእግሬ ስንከራተት የኖርኩትን ይኸ ተቀምጦ ያየዋል?» አለኝ። ከዚያ ካሜራውን መለሰልኝና፣ «አባትህስ?» አለ። ደህና ናቸው አልኩት። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት እንጃ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ጨነቅ፣ ማታ

ያየሁትን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጧት ከባየ ጋር ቧሂት ተራራ አናት ወጣን። ለሙከራ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ሆኖ የጃናሞራ አገር ሁሉ ከእግር በታች ይታያል። ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ የገብሱ ማሳ፣ ከማሳው በላይ ጥድ አምባ። በዓይን ምንም አይለይም። ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስደግፌ እስከ ጥግ ጎተትኩት። ቆርቆሮው አብለጨለጨ። የእኔ ቆርቆሮ። ከጎኑ ትልቁ ጥድ።

ግቢው ውስጥ ዳስ ቆሟል።

መጀመሪያ የገብስ ክምር ነው ብዬ ነበር። ገብሱ ደግሞ ገና አልታጨደም። ሰማያዊ ሸራ ነው፤ በእንጨት ላይ የተወጠረ፣ ከቤቱ የሚበልጥ። በዙሪያው ሰው ይርመሰመሳል፤ አንድ ሰው በስክሪኑ ላይ የጤፍ ፍሬ ያህላል፤ ፊት የለውም። ነጫጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ተከታትለው ሲገቡ አየሁ። ካህናት ናቸው፤ ሌላ ማን እንዲህ ይሄዳል። ሴቶች ጎንበስ ብለው የሚሸከሙት እንስራ መሆን አለበት። ከዳሱ በር አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የነፍስ አባታቸው ይሆናሉ አልኩ። አባቴን ፈለግሁ። አባቴ እንደ ሌላው ሰው አይሄዱም፤ ግራ እግራቸው ይጎትታል። ከሚንቀሳቀሰው ሁሉ አንድም የሚጎትት አጣሁ። ፎቶ አንስቼ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ፈለግሁ።

የሚዳር ልጅ በቤቱ የለም። ክርስትና የሚነሳ የለም። ካህናቱ የመጡበት፣ ለኪዳነ ምሕረት ቀን እንዲህ የተደገሰ ድግስ ምን ሊሆን ይችላል? ተዝካር ነው። ተዝካር ከሆነ አባቴ ከሞቱ አርባ ቀን ሆኗቸዋል። አርባ ቀን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ወንዝ ተሻግሮ አልነገረኝም። ማን ይንገረኝ? የለኝም ያሉት ልጅ ነኝ።

የሰው መርዶ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ውኃ ተይዞ፣ ግራና ቀኝ ተደግፎ ነው የሚነገረው። እኔ ለራሴ በካሜራ ተረዳሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ባየ፣ «ምን አየህ?» አለኝ፤ ካሜራውን ሰጠሁት፤ ባትሪ የለውም። «አባባ» ብቻ አልኩ። ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ ጥሎ አቀፈኝ። በሬ ያሰረው ሰው። ከእሱ በቀር የሚያቅፈኝ በዚያ ተራራ ላይ አልነበረም።


እሑድ፣ ጥቅምት 17። ደባርቅ

ወደ ጥድ አምባ ልወርድ ነበር፤ ባየ ከለከለኝ። «በዚህ ሁኔታህ ገደል ትገባለህ፤ መጀመሪያ ከዘመድህ ተቀላቀል» አለኝ። ሾፌሩ ሲመለስ ይዞኝ ወረደ።

ቀጥታ ጋሼ ደመቀ ቤት ሄድኩ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእሱ በቀር እዚህ ዘመድ የለኝም። ባትሪውን ሞልቼ ፎቶውን አሳየሁት። መነጽሩን ፈልጎ አድርጎ፣ ካሜራውን አርቆ አቅርቦ አየ። «ይኸ የአያ ግቢ ነው?» አለ፤ ታላቅ ወንድሙን አያ ነው የሚለው። ነው አልኩት። «ይኸስ?» ዳስ ነው አልኩት።  ነጠላውን አደግድጎ፣ «አያዋ! አያዋ!» እያለ አደባባይ ወጣ።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሰፈሩን ዞረ። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ጥቁር ጃኬት ሰው አዋሰኝ። «እግዚአብሔር ያጥናህ» የሚሉኝ ሁሉ፣ «ምን አገኛቸው?» ይላሉ። አላውቅም። «መቼ ነው ያረፉት?» አላውቅም። «ማን ነገረህ?» ካሜራ።

ትርንጎ አለቀሰች። አባቴን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየቻቸው፤ ግን አለቀሰች። ሰው ገለል ሲል ግን ጎትታ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። «ሙሌ፣ ያየኸው ዳስ ነው። ሰው ሲሞት አላየህም፤ መቃብርም አላየህም» አለች። ዝም በይ አልኳት። ጮኼባት ነበር፤ ለቀስተኞቹ ሰምተዋል።


ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሁለተኛ ቀን። እንቅልፍ የለም።

ሣራ ደወለች። አላወቀችም፤ «እንዴት ነው ካሜራው?» አለች እየሳቀች። እኔም፣ አእምሮዬ የት እንደነበር እንጃ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ፣ «ዙሙ ጥሩ ነው፣ ባትሪው አይረባም፣ ሰው ከማዶ ሲያዩበት ፊት አይለይም» ብዬ መለስኩላት። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ነው አባቴ መሞታቸውን የነገርኳት። ደነገጠች፤ ይቅርታ ስትለኝ ዘጋሁት።

ፎቶው እጅ በእጅ ይዞራል። በእድሩ ያላየው ሰው የለም። አንዱ ምስሉን አጎላው፣ ሌላው አሳነሰው፣ አንዱ በጣቱ ሁሉንም ሊሰርዝ ደረሰ። ጋሼ ደመቀ ደግሞ አንዱ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ። «ይኸ ወንበር ላይ ያለው ማነው?» የነፍስ አባታቸው ይሆናሉ አልኩት። «የነፍስ አባቱ ጥምጣም የለውም እንዴ?» አለ። አጉልተን አየነው። ቡናማ ነጠብጣብ፣ ነጭ ነጠብጣብ፣ ሌላ ምንም። ያ ሽሮ። ከዚህ በላይ ምን ሊያሳይ ይችላል? ጋሼ ደመቀ ካሜራውን መለሰልኝና ሲያለቅስ አመሸ። ግን ከዚያ በኋላ ልቅሶው እንደ በፊቱ አልነበረም፤ ቆም እያለ ያስብ ነበር።

እኔም አስቤያለሁ። ያሰብኩትን ግን ልጽፈው ፈራሁ። ተስፋ ማድረግ ከለቅሶው ይልቅ ይከብዳል።

አንድ ነገር ብቻ። ሰው ሁሉ «ደግ አባት ነበሩ» ሲለኝ፣ «በሰው ፊት ነው የካዱኝ» ማለት ይቃጣኛል። የሞተ ሰው ላይ ቂም መያዝ ነውር ነው። እኔ ይዤዋለሁ። አልለቀቀኝም፤ ወይም አልለቀቅሁትም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ትርንጎ ዛሬ ሥራ ገባች፤ ፈቃድ አልቆባታል። ወደ ማምሻው ከዳባት ስትመለስ ከሚኒባሱ ወርዳ ሮጣ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ ሞልቷል። በጆሮዬ ልትነግረኝ ነበር፤ ትንፋሽ አጥሯት ጮክ አለባት።

«አልሞቱም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ትኩሳት የያዘባት አንዲት የጃናሞራ ሴት ከእሑድ ጀምራ በእግሯ አቆራርጣ ጤና ጣቢያው ገባች። ትርንጎ ካርድ ስታወጣላት አገሯን ጠየቀቻት፤ ጥድ አምባ አጠገብ ነው አለች። አቶ አያሌውን ታውቂያቸዋለሽ ወይ? መቼ ሞቱ? ሴትዮዋ አማተበች። «ኧረ በሞቴ! ማን ይኸን አወራ? አያ አያሌው ተዝካራቸውን በቁማቸው አወጡ እንጅ! ቅዳሜ ለኪዳነ ምሕረት። ጠላውን እኔም ጠጥቻለሁ። ዳሱ ደጃፍ በወንበር ተቀምጠው ሰውን ሲያስተናግዱ ነው የዋሉት። ምን ያድርጉ፣ ወራሽ የላቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ከተማ ወጥቶ ቀረ ይላሉ።»

ትርንጎ የዚያ ልጅ ሚስት ነኝ አላለቻትም። ጥሩ አደረገች።

የቁም ተዝካር! እንዴት አልታየኝም? አገሬ ነው፣ ወጉን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ አንዲት መካን ባልቴት ስታወጣ በልቻለሁ። ግን የቁም ተዝካር የሚያወጣው ልጅ የሌለው ነው። ሲሞት የሚያስታውሰው፣ ካህን ጠርቶ የሚያበላለት የሌለው። አባቴ ልጅ አላቸው፤ ስለዚህ በሐሳቤ አልመጣም። ተጣልተንም ቢሆን፣ ያ ቀን ሲመጣ ዳሱን የምተክለው እኔ ነኝ ብዬ በሆዴ ይዤ ነበር። ሞታቸውን እንደ ድርሻዬ አስቀምጬው ነበር ማለት ነው። እሳቸው ከእኔ ምንም እንደማይጠብቁ ወስነው፣ የራሳቸውን ድግስ ራሳቸው ደግሰው፣ በር ላይ ተቀምጠው አስተናገዱ። እኔ ደግሞ ያንኑ እያየሁ ቀበርኳቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሳ። ቀጥሎ እልልታ። ጋሼ ደመቀ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ «አያ ደግሞ! ሞቱን እንኳ ለሰው አያምንም!» ይላል። ጥሩምባ ነፊው ወደ እድሩ ዳኛ ቀርቦ፣ «አሁን ምን ብየ ልንፋ?» አለ ከምሩ። የእድሩ ዳኛም ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ስላልገጠማቸው የደንቡን ደብተር ማገላበጥ ያዙ። አግዳሚዎቹ ተጫኑ። የተረፈውን ንፍሮ ሕፃናት ዘግነው ሄዱ። አንዷ ጎረቤታችን ስትወጣ፣ «ደስ ይበልህ» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ነገ ደባርቅ ሁሉ፣ አባቱን በካሜራ የገደለ ብሎ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ብዬ ነው የምጽፈው። ታዲያ ሲሞቱ ያልወጣልኝ እንባ አሁን ለምን መጣ?


ረቡዕ፣ ጥቅምት 20። ጨነቅ

የስንቁ መኪና ሲወጣ ተሳፈርኩ። ትርንጎ በሶ ቋጠረችልኝ። ጋሼ ደመቀ ሽማግሌ ይዘን እንሄዳለን፣ ቆይ አለኝ። አልቆይም። ስንቆይ ነው ዳስ ያቆሙት።

ከመነሳቴ በፊት ለሣራ የአባቴን በሕይወት መኖርና የካሜራውን ጉዳይ ጽፌ ላክሁ። ለማስታወስ እዚህም ይኑር፦ በቀን ብርሃን፣ አስደግፈው ከያዙት፣ ዋልያን ከገደል ማዶ ቀንዱን ቆጥሮ ያሳያል። ለኪስ ቀላል ነው። ሲመሽ አይሆንም። ከሠላሳው እጥፍ በኋላ ያለውን አትመኚው። ትርፍ ባትሪ የግድ ነው። መግዛቱን ግዢ፤ ግን ለሚከራየው እንግዳ አንድ ነገር ይነገረው፣ ከማዶ የታየ ነገር ምን እንደሆነ ቦታው ደርሶ ካልጠየቀ አያውቅም። ወዲያው መለሰችልኝ፤ «የመጨረሻው አልገባኝም፣ ግን አመሰግናለሁ፤ አባትህ በሕይወት መኖራቸውን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ካሜራውን ለሾፌሩ ስጠው» አለች። ሰጠሁት። ከመስጠቴ በፊት ግን ሾፌሩን ለምኜ ከጨነቅ አልፈን መኪናው እስከሚችልበት ቧሂት ላይ ወጣንና አንድ ጊዜ አየሁ።

ሸራው ወርዷል። የዳሱ እንጨቶች ብቻ ቆመዋል። አንድ የጤፍ ፍሬ ከቤት ወጣች፤ ወደ እንጨቶቹ ሄደች። ግራ እግሯ ይጎትታል። እንጨቱን ያዘች፣ ነቀነቀች፣ አልነቀል አላት። ቆመች። ደግማ ነቀነቀች። የሚያግዝ ሰው አጠገቧ የለም። ቁልፉን አልተጫንኩም፤ ፎቶ አላነሳሁም።

ባየ ጥቁሩን ጃኬቴን አየና ተቆጣ። «ቆሞ ከሚሄድ ሰው ቤት በሐዘን ልብስ ልትገባ ነው? ሟርተኛ!» አለ። አስወለቀኝና የራሱን ካኪ ካፖርት አለበሰኝ። ጃኬቱን እሱ ያዘው። ነገ ጎሕ ሲቀድ እወርዳለሁ። መንገዱን ማንም አያሳየኝም፤ አውቀዋለሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ወንዙ ዳር

ከሰዓት ሆኗል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን ውኃ ውስጥ ከትቼ ነው የምጽፈው። ጉልበቴ ቁልቁለቱን ረስቶታል። በመንገዴ ያገኘሁት ሰው ቢኖር አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ አህያ ይነዳሉ። የማን ልጅ ነህ አሉኝ። የአያሌው አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝና፣ «አያሌው ልጅ አለው እንዴ?» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሰሙትን ነው። አለው አልኳቸው። ሳልናገር የቀረሁት ብዙ ነበር፤ እሱን ብቻ ተናገርኩ።

ከዚህ ቤቱ አይታይም። ዳገቱ ከልሎታል። ከተራራው አናት የቆርቆሮውን ብልጭታ ያየሁ እኔ አሁን ደጃፋቸው ላይ ደርሼ ምንም አይታየኝም።

አሁን ያስቸገረኝ ካፖርቱ ነው። ካኪ፣ ትከሻው ላይ ምልክት ያለበት። አባቴ በሬዎቻቸው ሲታሰሩ ያዩት ይኸንኑ ነው፤ ደረቱ ላይ የተቃጠለችውን ቀዳዳ ሳይቀር ያውቋታል። ባየ ለመልካም ነው ያለበሰኝ፤ አላሰበውም፤ እኔም አላሰብኩትም። አሁን ውኃው ዳር ስደርስ ነው የታየኝ። ጥቁር ለብሼ ብገባ ሞታቸውን ይዤ መጣሁ፤ ይኸን ለብሼ ብገባ ጥሉን።

አውልቄ አጥፌ ከድንጋይ ሥር አኖርኩት። ባየ ይቅር ይለኛል፤ ስመለስ አነሳዋለሁ። ከተመለስኩ። ብርድ ነው፤ ሸሚዜ ስስ ነው፣ ትከሻው ላይ ተቀዷል። እንደዚሁ እገባለሁ። ቢያስገቡኝ ዳሱን እነቅላለሁ፤ ቢያንስ እንጨቱን መንቀል አያቅተኝም። ባያስገቡኝ አላውቅም። እዚህ ድረስ ብቻ ነው ያሰብኩት።

ከመነሳቴ በፊት ድምፄን ሞከርኩት። ስንት ዘመን እሳቸውን ያልጠራሁበትን ቃል፣ «አባባ» አልኩ። ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ ወንዙ ዋጠው። እንደገና ሞከርኩት።